አራት ቀን በኪራይ መኪና

የኪራይ መኪና የራሱ የሆነ ሽታ አለው። ላዩን የሎሚ ሽቶ ነው፤ ከሥሩ ግን የማታውቀው ሰው ሲጋራ፣ የማታውቀው ሰው ልጅ ያፈሰሰው ወተት ብቅ ይላል። ባለፈው ዓመት፣ በረዶው ቀልጦ ዛፉ ሁሉ ነጭ አበባ ባወጣበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጄ ቤቴል ደጃፌ ላይ ቆማ ክላክስ አደረገች። ወጥቼ የማላውቃት ግራጫ መኪና ውስጥ ስገባ ያ ሽታ ተቀበለኝ። "ይቺ ደግሞ የማን ናት?" አልኳት። "ሬንታል ናት አባዬ። የኔን ከኋላ ገጭተውኝ ቦዲ ሾፕ ገብታ የለ? ኢንሹራንሱ ነው የሰጠኝ።" መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ፣ ማስኬን ከፍ አደረግኩ፤ ሽታው ወይ ፍንክች። እኔ በኪራይ መኪና የተጓዝኩት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

በተፈጥሮዬ ሥጉ ሰው ነኝ፣ አልደብቅም። ምድጃ አጥፍቼ ከወጣሁ በኋላ ከመንገድ ተመልሼ የማይ ሰው ነኝ። ያን ሰሞን ደግሞ የምሠጋበት ነገር ሞልቶኝ ነበር። ወንድምጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ አዳማ ሆስፒታል ገብቶ ኦክስጅን ላይ ከዋለ ዘጠኝ ቀኑ ነው። አባታችን በልጅነታችን ስለሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ፣ የመጀመሪያውን ረጅም ሱሪ የገዛልኝ፣ በኋላም ከአገር ስወጣ የሸኘኝ እሱ ነው። ሴት ልጁ ጸሐይ በየማለዳው ኮል እያደረገች "ዛሬ ሻል ብሎታል ጋሼ፣ ሾርባ ቀምሷል" ትለኛለች፤ እኔም በዚያች ሾርባ ቀኑን እውልባታለሁ። ከሐሙስ ጀምሮ ግን ጠፋች። ስደውል ይጠራል፣ አይነሳም። ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሟ ዳዊትም አያነሳም። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ አስናቀች ስልኬን ከእጄ ወስዳ ግድግዳው ላይ ሰካችው። "ባትሪው አልቋል። ቤቲ ስልክ የላትም እንዴ? ከተደወለ ለእሷ እነግራታለሁ። በኮሮናው ዓመት ሙሉ እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ዜና ስታይ ከረምክ፤ ሂድ፣ ንፋስ ይንካህ!" ብላ በሩን ከኋላዬ ዘጋችው። አስኑ እንደዚያ በር ዘግታብኝ አታውቅም።

"የት ነው የምንሄደው?" ስላት ቤቲ ትከሻዋን ሰበቀች። "የትም። ጀስት እንዙር።" ከሞርስ ሮድ ተነስተን ቱ ሰቨንቲ ውስጥ ገባን። ለማያውቀው ልንገርና፣ ቱ ሰቨንቲ ኮሎምበስን ዙሪያዋን የሚከብ አውራ ጎዳና ነው፤ ሳትወጣ ከነዳህ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተነሳህበት ቦታ መልሶ ያመጣሃል። እንዲህ ዓይነት መንገድ ከዚህ ሌላ የማውቀው አንድ ነው፤ እሱም አትላንቲክ ውቅያኖስ መሀል ነው ያለው። ሰው ይኼን ስነግረው ይስቃል። "አንተ? ደሴት? ቬኬሽን?" ይለኛል። አዎ፣ እኔ! አበሻ በኮሎምበስ በጣት የሚቆጠርበት፣ እሁድ እሁድ በአንድ ወንድማችን ሳሎን ተሰብስበን የምናመልክበት ዘመን ነው። አሁን በርበሬ የምገዛበት ጥግ ያኔ አሮጌ ጎማ መሸጫ ነበር። ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ በወር ሦስት መቶ ሃያ ዶላር፣ ቤንዚን ጋሎኑ ዶላር አይሞላም። ኢትዮጵያ መደወል ግን ደቂቃው ሦስት ዶላር ነበርና ሰው ናፍቆቱን እየተጣደፈ ነበር የሚናገረው። እኔ ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ውስጥ፣ በመስታወት ቤት ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ። አስኑ ቤክስሊ ውስጥ አረጋውያን ትጦራለች። አብሮኝ የሚሠራው ማኑኤል የሚባል ፖርቹጋላዊ ነው፤ ስለ ተወለደባት ደሴት፣ ስለ ሳው ሚጌል፣ ማውራት ከጀመረ አያቆምም። "ብርድ የለ፣ ሙቀት የለ። እህቴ የእንግዳ ማረፊያ አላት፤ በግማሽ ዋጋ ታሳድራችኋለች" እያለ ሲጨቀጭቀኝ፣ ምን እንዳሳሰበኝ እንጃ፣ አንድ ቀን ለአስኑ ነገርኳት። እሷ ደግሞ አንዴ ከሰማች አትመለስም። በወሩ ቲኬት ተቆረጠ፤ የአራት ዓመቷ ቤቲ የአስኑ የአጎት ልጅ የሆነው ግርማ ቤት ተቀመጠች። እኔ ትከሻው ስፖንጅ የተሞላ ክሬም ጃኬት፣ እሷ ቢጫ ሽንሽን ቀሚስ ለብሰን በቦስተን በኩል ማክሰኞ ጠዋት ደሴቷ ላይ ወረድን።

ደሴቷ የእሳተ ገሞራ ደሴት መሆኗን ማኑኤል የነገረኝ ቲኬቱ ከተከፈለ በኋላ ነው። አንድ ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መኪና የሚያከራየውን ሰውዬ ገና ቁልፉን ሳይሰጠኝ "መቼ ነው የፈነዳው?" አልኩት። ሳቀብኝ። "ተኝቷል ጌታዬ፣ ተኝቷል" አለኝ። የተኛ ነገር እንደሚነቃ ማን ይንገረው! መኪናዋ ትንሽ ነጭ ማንዋል ናት። በማንዋል መንዳት የተማርኩ ብሆንም አሜሪካ አውቶማቲክ አስለምዶኝ፣ የመጀመሪያዋ ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ ጠፋችብኝ። ከኋላዬ የወተት መኪና ቆሞ ይጠብቃል፣ እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ አስኑ በሳቅ ትፈርሳለች። እውነቱን ለመናገር ግን እንደዚያች ያለ የዋህ አገር አላየሁም። አየሩ ለስላሳ ነው። መንገዱ ግራና ቀኝ በሰማያዊ አበባ የታጠረ ነው፣ ላሞቹ ቁልቁለት ላይ ሲግጡ የሚወድቁ ይመስላሉ። አንድ መንደር ደረስን፤ ከመሬት ውስጥ ጭስ ይወጣል፣ ጭቃው ይንተከተካል፣ አየሩ ክብሪት ክብሪት ይላል። ሰዎቹ ጎመንና ሥጋ ድስት ሙሉ አድርገው በማለዳ መሬት ውስጥ ይቀብሩና ምሳ ሰዓት ላይ በስሎ ያወጡታል። አስኑ ወገቧን ይዛ ዙሪያውን ተመለከተች። "ይኼማ ፍልውሃ ነው! ለፍልውሃ ነው ይኼን ሁሉ ባሕር ያሻገርከኝ?" ቀጥላም "ግን እይ መኬ፣ ከሰል አይገዙ፣ እንጨት አይለቅሙ። እማዬ ይኼን ብታይ!" አለች። እናቷ እማማ ጥሩነሽ ደብረ ብርሃን ነበሩ። የአስኑ ነገር ሁሉ እሳቸው ጋ ነበር የሚደርሰው።

ረቡዕ ጠዋት አስኑ ገላዋን ስትታጠብ የማኑኤል እህት ማሪያ በሩን ቆረቆረች፤ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ "ቴሌፎን" አለችኝ። ግርማ ነው፣ ከኮሎምበስ። "ልጄ ምን ሆነች?" አልኩት። "ቤቲ ደህና ናት" አለኝ ቶሎ ብሎ። "ብቻህን ነህ? ... እማማ ጥሩነሽ ዐረፉ መኬ። ተቀብረዋል። አደራህን እንዳትሰማ! ባዕድ አገር፣ ዘመድ በሌለበት እንዴት ይነገራታል? እሁድ ማታ ትገቡ የለ? ሰኞ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ እንደ ምንም ቻለው።" ስልኩ ተዘጋ። ቀደም ብሎ የሚነሳ አውሮፕላን እንደሌለ አውቃለሁ፤ ወደ ቦስተን በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው የሚሄደው፣ የሚቀጥለው እሁድ ነው። ማሪያ ፊቴን አይታ አፏን ያዘች። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ፤ ገባት፣ አማተበች። ከላይ የአስኑ ዘፈን አይሉት መዝሙር ከውሃው ድምፅ ጋር ይሰማል። አራት ቀን። እኔ፣ ፊቴ ላይ ሁሉ ነገር የሚነበብብኝ ሰውዬ፣ አራት ቀን ሙሉ መኪና ውስጥ ከአጠገቧ ተቀምጬ መሳቅ አለብኝ።

እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። ፊቴን እንዳታየው መንዳት ያዝኩ። መንዳት ጥሩ ነው፤ ዓይንህ መንገድ ላይ ነው፣ እጅህ ማርሽ ላይ ነው፣ ዝም ብትል "ዳገቱ ከብዶት ነው" ትባላለህ። ጠዋት ቁርስ እንደበላን እንነሳለን፣ እስኪመሽ እንዞራለን። ባሕሩን በቀኝ አድርገን አንድ ዙር፣ በማግስቱ በግራ አድርገን ሌላ ዙር። አስኑ ከኮሎምበስ ያመጣችውን የመዝሙር ካሴት እያገላበጠች አብራ ትዘምራለች፤ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ስልክ ያለበት ቦታ ሁሉ ጠላቴ ሆነ። ፖስታ ቤት ሳይ ቤንዚን እረግጣለሁ፤ ካፌ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስልክ ካየሁ "እዚህ ዝንብ አለ" ብዬ አስወጣታለሁ። ማሪያ ደግሞ ባሰችብኝ። በየጠዋቱ ለአስኑ ብቻ ድርብ አይብ ታቀርባለች፣ ጀርባዋን ትዳብሳለች፤ አንድ ቀን ጭራሽ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ይቺ ሴት ምን ሆና ነው?" አስኑ ስትለኝ "ባሏን ናፍቃ ይሆናል" አልኩ። ባሏ ወጥ ቤት ቆሞ ዕቃ ያጥባል! ካሜራችን ሃያ አራት ፎቶ የሚያነሳ ነበር። ዛሬም አልበሙን ስገልጥ አስኑ በሁሉም ላይ ትስቃለች፣ እኔ ጥርሱን ያመመው ሰው እመስላለሁ።

ዓርብ ነው ነገሩ የሆነው። ጭስ የሚወጣበት መንደር ድጋሚ ሄድን፤ አንዲት አሮጊት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሠሩትን የሱፍ ሹራብ አንጠልጥለው ይሸጣሉ። አስኑ መኪናዋን አስቆመችኝ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ሹራብ አነሳች። "ለእማዬ! የደብረ ብርሃን ብርድ ይኼን አይበሳውም። ና እስቲ መኬ፣ ዙርልኝ፤ ትከሻችሁ እኩል ነው።" ዞርኩላት። ሹራቡን ጀርባዬ ላይ ዘርግታ በስንዝር ለካች፣ ከአንገቴ እስከ ወገቤ፣ ከትከሻ ትከሻ። የጣቶቿ ጫፍ ጀርባዬ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። እኔ ፊት ለፊቴ ያለውን ጭስ አያለሁ፤ የአሮጊቷም ዓይን እኔ ላይ ነው። "ይሆናታል አይደል?" አለች ከኋላዬ። "ይሆናቸዋል" አልኩ። "ልግዛው?" "ግዢው። ያምራል።" በጣቷ እየቆጠረች ተከራከረች፣ አስቀነሰች፣ ከፈለች። ሹራቡን በወረቀት አስጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከዚያ በኋላ የዞርነውን ሁሉ እንደ ሕፃን ይዛው ዞረች።

"አባዬ፣ ዱ ዩ ዋንት ውሃ?" አለችኝ ቤቲ። የኮሎምበስ ዳርቻ የሆነችው ደብሊን ደርሰናል። ያ ሁሉ የመስታወት ቢሮ ባዶውን ቆሟል፤ የመኪና ማቆሚያዎቹ ላይ ቢፈልጉ አንድ መኪና የለም። ሰው ሁሉ ከቤቱ ነው የሚሠራው። ዕድሜውን ሙሉ የቆመ መኪና ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ባዶ ፓርኪንግ ያስፈራል። "ይቺን መውጫ ቅድም አላለፍናትም?" አልኳት። "አይ ዶንት ቲንክ ሶ።" አልፈናታል። ከተነሳን ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ሁለተኛ ዙር ላይ ነን። "እስቲ ስልክሽን ስጪኝ፣ ጸሐይን ልሞክራት።" "ናቪጌሽን ላይ ነው አባዬ፣ ይቋረጣል።" በተወለደችበት ከተማ ናቪጌሽን! መሪውን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ አትነቅልም። አሁን ስጽፈው ግልጥልጥ ያለ ነገር ነው። ያኔ ግን አልገባኝም፤ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግኩም። ወንድምጋሼ ሾርባ ቀምሷል፤ እዚያው ላይ ቆሜያለሁ።

ቅዳሜ ደሴቷ ላይ የመጨረሻ ቀናችን ነበር፤ ከቀኖቹ ሁሉ የፈራሁትም እሱን ነው። አስኑ በወር አንድ ቅዳሜ እናቷን ታነጋግራለች። እማማ ጥሩነሽ ቤት ስልክ ስለሌለ ጎረቤታቸው ያለው ባለሱቅ ጋ ይደወልና ልጅ ተልኮ ይጠራሉ። ቅዳሜዋ ያቺ ቅዳሜ ሆነች። "ዛሬ የትም ሆነን ስልክ ፈልገን እንደውላለን፤ ስለ ሹራቡ ልነግራት ነው" አለች ገና ቁርስ ላይ። ደብረ ብርሃን ከደሴቷ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ባለሱቁ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ስለዚህ እኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስልክ አጠገብ ካላደረስኳት አለቀ ማለት ነው። ተራራው ላይ ወጣሁ። በመጣሁበት ወረድኩ፣ በሌላ ወጣሁ። የከብት መንገድ ውስጥ ገባሁ፣ ገበሬ አስቆሜ በአማርኛ አቅጣጫ ጠየቅሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ "መንገድ ጠፍቶኛል" አልኳት። "ደሴት ላይ እንዴት ነው ሰው የሚጠፋው? ዙሪያው ባሕር ነው!" ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም የእሳተ ገሞራው አፍ ጫፍ ላይ ደረስን። አፉ ድሮ እሳት የተፋበት ነው፤ አሁን ሁለት ሐይቅ ተኝቶበታል፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ። አስኑ ተናዳ እንኳ "ወይ የጌታ ሥራ!" አለች። ካሜራዋን ሳታነሳ ጉም ከሥር መጣና ሐይቁን ዋጠው፣ አጥሩን ዋጠው፣ የመኪናዋን አፍንጫ ዋጠው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ገደል። ሞተሩን አጠፋሁ፣ መሪውን ግን ጨምቄ ያዝኩ። ስንት ቀን የያዝኩት ሁሉ እዚያ ላይ ሊያመልጠኝ ነበር። አስኑ መፍራቴን አይታ እጄን ያዘችኝ። "እንጸልይ" አለች። ለመንገዱ ጸለየች፣ ለቤቲ ጸለየች፣ ለእኔ ጸለየች። ቀጥላ "ጌታ ሆይ፣ እናቴን በሕይወት አቆይልኝ፣ ሹራቧን ለብሳ አሳየኝ፣ ዕድሜ ጨምርላት" አለች። አሜን እስክል ትጠብቃለች። በቤታችን ሥርዓት አንዱ ሲጸልይ ሌላው አሜን ይላል፤ አለማለት አይቻልም። ጉሙን አየሁ። "አሜን" አልኩ። ጉሙ ሲገፈፍ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሆኖ ነበር። ከተራራው እስክንወርድ አላነጋገረችኝም፤ እኔ ግን በልቤ ተመስገን እያልኩ ነበር፣ እፍረቴን የት ላድርሰው!

እሁድ ማታ ኮሎምበስ ገባን። ሰኞ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ግርማና ሚስቱ፣ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሁለት እናቶች። እንዳታያቸው ብለው መኪኖቻቸውን ከሕንጻው ጀርባ አቁመው በእግር ነው የመጡት። አስኑ በሌሊት ልብሷ ብቅ ብላ ነጠላቸውን ስታይ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። ያን ጩኸት አልጽፈውም። ይዘው አስቀመጧት፣ አብረዋት አለቀሱ፣ ተጸለየ። ፀሐይ ወጥቶ ትንሽ ስትረጋ ዞራ እኔን አየችኝ። "መቼ ነው የሰማኸው?" አለች። "ረቡዕ።" በጣቷ ቆጠረች፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ዓርብ ላይ ጣቷ ቆመ። "ሹራቡ" አለች። "ጀርባህ ላይ ለካሁት። አንተ እያወቅክ።" ከዚያ በኋላ አርባ ቀን ሙሉ ሰው ፊት ካልሆነ በስተቀር አላነጋገረችኝም።

ሹራቡ ዛሬም ቁም ሣጥን ውስጥ ከነወረቀቱ አለ። ማንም ለብሶት አያውቅም። አስኑ ታሪኩን ለቤቲ ገና በልጅነቷ ጀምራ ነግራታለች፤ በየዓመቱ ብል እንዳይበላው ልታናፍሰው ስታወጣ እንደገና ትነግራታለች። አጨራረሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። "አባትሽ ዝም ማለቱ ደግ ነው፤ እዚያ ብሰማ ኖሮ ባሕሩ ውስጥ እገባ ነበር። አሜኑንም ለጌታ ትቼለታለሁ። ሹራቡን ግን! 'ዛሬ ይቅር፣ ሌላ ቀን' ማለት ምን ያቅተዋል? ሁለት ቃል!" እኔ በዚያን ጊዜ ጋዜጣ አነሳለሁ። አራት ቃል ነው ብዬ ልከራከራት? ፈርቼ ነበር፤ አትግዢ ብላት ለምን ትለኛለች ብዬ ፈርቼ። መልሱ ይኼው ብቻ ነው።

ዎርዝንግተን ጋ ስንደርስ አንድ የጫማ መደብር አየሁ፣ በሩ ላይ ትልቅ ሴል፣ የዋጋ ቅናሽ ማስታወቂያ፣ ተለጥፏል። "ቤቲዬ፣ እዚህ ጋ ውጪልኝ። የቤተ ክርስቲያናችን እትዬ ሮማን ሐሙስ አገር ቤት ትሄዳለች፤ ሁለት ኪሎ ቦታ ሰጥታኛለች። ለወንድምጋሼ ጫማ ልላክለት።" የወንድምጋሼ እግር ለጉድ ነው የተፈጠረው። አዳማ ገበያ ቁጥሩ አይገኝም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጫማውን የምልከው እኔ ነኝ። "ናው? ሌት'ስ ጀስት ኪፕ ጎይንግ አባዬ..." "አምስት ደቂቃ!" ብዬ ተቆጣኋት። ገባን። ማስካችንን አድርገን፣ መሬቱ ላይ በተለጠፈው ምልክት ላይ ቆመን ተራ ጠበቅን። በአሜሪካኑ ልክ ቁጥር አሥራ ሁለት፣ ቡናማ፣ ሶሉ ለስላሳ፣ ክር የሌለው አገኘሁ። ጎንበስ ማለት እንዳይከብደው ነው ክር የሌለው የፈለግኩት። ከሆስፒታሉ ሲወጣ የሚጫማው። በስንዝሬ ለካሁት፤ የእሱ እግር ከስንዝሬ በአራት ጣት ይበልጣል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ልክ ነው። ደስ አለኝ! ዞሬ "እይው፣ ልክክ ይለዋል! ልግዛው?" አልኳት።

ቤቲ እጇን ጫማው ላይ አደረገች። ከማስኳ በላይ ያለው ዓይኗ ቀልቷል። ልጄ በእንግሊዝኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ የምትጨርስ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን ጥርት ባለ አማርኛ፣ ቃል በቃል እንዳጠና ሰው፣ "ዛሬ ይቅር አባዬ። ሌላ ቀን" አለችኝ።

ወንድምጋሼ ሞቷል።

እዚያ፣ በሴል ጫማዎች መሀል፣ አንድ ልጅ ስኒከር ለክቶ ወዲያ ወዲህ ሲሮጥ፣ አወቅሁ። ልጮህ አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ማስኩ ደበቀልኝ። ከዚያ እጇን አየሁት፤ እኔ ያኔ ጉሙ ውስጥ መሪውን እንደያዝኩት ጫማውን ጨምቃ ይዛዋለች። ምን ያህል እንደሚከብድ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እናቷ ቤት ውስጥ ወንበር እየደረደረች፣ ሰው እየጠራች፣ ዳዊትን ከቨርጂኒያ እየጠበቀች፣ እሷ እኔን ይዛ ትዞራለች። አሁን አውቄያለሁ ብላት ያ ሁሉ ልፋቷ ገደል ገባ። ጫማውን ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ መደርደሪያው ላይ በቦታው አስቀመጥኩት። "እውነትሽን ነው" አልኩ። "ሌላ ቀን።" ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። አራት ቀን የተማርኩት ነገር ለአንድ ጊዜ ጠቀመኝ።

መኪናው ውስጥ ያ የሎሚ ሽታ እንደዚያው ነው። "አንድ ዙር እንጨምር?" አልኳት፤ እውነቴን ነበር፣ ቤት መድረሱን ፈርቼዋለሁ። እስክንደርስ ድረስ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን፣ ወንድምጋሼም ሾርባ ቀምሷል። "ኖ አባዬ" አለች ቀስ ብላ። "ማሚ ቴክስት አድርጋለች። ኑ ብላለች።" ሰፈራችን ስንገባ ከእኛ ቤት ቀደም ብሎ ባለው መንገድ ላይ መኪኖች ተደርድረዋል፣ አንዱ የቨርጂኒያ ታርጋ አለው። ቤቲ እንዳላይ ፈጥና አለፈችው። እኔም እንዳላየሁ እንድታምን ፊቴን ወደ ሌላው ጎን አዙሬ የጎረቤቱን ነጭ አበባ ማየት ያዝኩ። የራሳችን ደጃፍ ላይ አንድም መኪና አልነበረም።

በሩ ሳላንኳኳ ተከፈተ። አስኑ ናት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ከኋላዋ ሳሎኑ ውስጥ ሰዎች ማስካቸውን አድርገው፣ ተራርቀው ቆመዋል፤ ዳዊት መሀላቸው ነው፣ ወንድምጋሼን ቁርጥ። አስኑ መጀመሪያ ፊቴን አላየችም፤ እጄን ነው ያየችው። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን።

"ምንም አልገዛህም አይደል?" አለችኝ።

"ምንም አልገዛሁም።"

ሁለቱንም ባዶ እጆቼን ያዘችና አስገባችኝ።